ትርፉን ባንዴ፣ ኪሳራውን በቁንጥር፦ የአክሲዮንና የኦፕሽን ኪሳራ በአሜሪካ ታክስ

ፌብሯሪ አጋማሽ ላይ ከብሮከሩ (አክሲዮን ከሚያገበያየው ድርጅት) የዓመቱን ሽያጭ የሚዘረዝር 1099-ቢ የሚባለው ወረቀት ይመጣል። ብዙ ሰው ከፍቶ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ? ከከሰረ ይዘጋዋል። «ከስሬ ደግሞ ምን ታክስ አለብኝ» ይላል። ኤፕሪል ሲቃረብ ታክስ የሚሠራለት ሰው ይደውላል። «ክፍያ አለብህ» ይለዋል። ሰውየው ጆሮውን ማመን ያቅተዋል።

ይህ ስልክ የደረሳቸው ወገኖች ጥቂት አይደሉም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ፣ በኡበር ጉዞዎች መሃል ወይም በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ዕረፍት ላይ ስልኩን አውጥቶ ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ እስከ ተወሰነ ቀን የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ምን እንደሚገዛ የሚመክረው አያጣም። ቴሌግራሙና ዩቲዩቡ በምክር ሞልቷል። ስለ ታክሱ ግን የሚያወራ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ላይ የማወራው ስለዚሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በትርፋችሁ ላይ ሸሪክ ነው፤ ድርሻውን በዚያው ዓመት ይወስዳል። በኪሳራችሁም ላይ ሸሪክ ነው። ግን ያተረፋችሁት ሌላ ነገር ከሌለ፣ ኪሳራችሁን የሚጋራው በዓመት 3,000 ዶላር እየቆነጠረ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ያላገባ፣ በዓመት 60,000 ዶላር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው አለ እንበል። 2021 መጀመሪያ ላይ 20,000 ዶላር ይዞ ወደ ገበያው ገባ። የጌምስቶፕ አክሲዮን ድንገት የመናሩ ወሬ አገሩን የሞላበት ዓመት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲገዛ ሲሸጥ ቆየ። ዲሴምበር ላይ ሁሉንም ዘጋና አካውንቱ ውስጥ 60,000 ዶላር ተገኘ። 40,000 ዶላር ትርፍ ማለት ነው። የያዘውን ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ስለሸጠ ትርፉ እንደ ደመወዝ ይታያል። ስለዚህ የፌደራሉ ታክስ ወደ 8,800 ዶላር፣ የቨርጂኒያው ወደ 2,300 ዶላር ይሆናል።

2022 ገባ። የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ዓመት 19 በመቶ ገደማ ወረደ። ናስዳክ አንድ ሦስተኛውን አጣ። ሰውየው 60,000ውንም በኮል ኦፕሽን (የመግዛት መብት) ላይ አውሎት ነበርና ሁሉም አለቀ።

አሁን ሂሳቡን በቤተሰብ ዓይን እንየው። በ20,000 ጀመረ፤ ዜሮ ላይ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ዶላር አላተረፈም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ግን ሁለቱን ዓመታት ለየብቻ ነው የሚያያቸው። የ2021 ትርፍ የ2021 ነው፤ ኤፕሪል 2022 ላይ ታክሱ ይከፈላል። የ2022 ኪሳራ ወደ ኋላ ሄዶ የ2021ን ትርፍ አያጣፋም። ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። 3,000 ዶላሩ በ2022 ይቀነስለታል፤ 57,000 ይተርፈዋል። ሌላ የሚያተርፍበት ነገር ካላገኘ ይህን ለመጨረስ ተጨማሪ 19 ዓመት ይፈጅበታል። የመጨረሻዋን 3,000 የሚቀንሳት 2041 ላይ ነው።

ዲሴምበር 31 ግድግዳ ነው። ትርፍና ኪሳራ ከግድግዳው በአንድ በኩል ካልተገናኙ፣ ኪሳራው ትርፉን መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ይህን ያወቀ ሰው በትርፍ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የታክሱን ድርሻ ከአካውንቱ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። እንዲያውም ትርፉ ከፍ ያለ ከሆነ እስከ ኤፕሪል መጠበቅም ላይቻል ይችላል። በየሩብ ዓመቱ የሚከፈል ግምታዊ ታክስ አለ፤ ጊዜዎቹም ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የታክስ ዕዳ የመጣበት ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምነው። እባክህ ሪተርኑን (የታክስ ማሳወቂያውን) በጊዜው አስገባ። ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት በወር ካልተከፈለው ታክስ 5 በመቶ ነው፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አስገብቶ ባለመክፈል የሚመጣው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ዕዳው ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ በየወሩ ለመክፈል ኦንላይን ማመልከት ይቻላል። ፈርተው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው በጣም የሚጎዱት።

3,000 ዶላር ከየት መጣ?

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባት ቁጥር ናት። በመጀመሪያ፣ ኪሳራ ከትርፍ ጋር ሲጣፋ ገደብ የለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ 80,000 አትርፋችሁ 80,000 ከከሰራችሁ ዜሮ ነው። ገደቡ የሚመጣው ኪሳራው ከትርፉ ሲበልጥ ነው። ትርፉን ውጦ ከተረፈው ኪሳራ ውስጥ በዓመት 3,000 ዶላር ብቻ ከደመወዝና ከሌላ ገቢ ላይ ይቀነሳል። ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡም 3,000 ነው፤ 6,000 አይሆንም። ለየብቻ ካስገቡ 1,500፣ 1,500 ነው።

ሁለተኛ፣ 3,000 ዶላር ተመላሽ ይሰጣችኋል ማለት አይደለም። የሚቀነሰው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ነው። 22 በመቶ የሚከፍል ሰው የሚያተርፈው 660 ዶላር ነው። የ60,000 ዶላር ኪሳራ በዓመት 660 ዶላር እየመለሰ 20 ዓመት ይሄዳል ማለት ነው።

ገደቡ የቆየ ነው። ኮንግረስ 1942 ላይ 1,000 ዶላር ብሎ ወስኖት ነበር። የ1976ቱ የታክስ ማሻሻያ ሕግ ለ1977 ወደ 2,000፣ ከ1978 ጀምሮ ወደ 3,000 ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አልተነካም። የታክስ እርከኖቹ ከ1985 ጀምሮ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ይስተካከላሉ። ይህች ቁጥር ግን እዚያው ቀርታለች። በ1978 በ3,000 ዶላር ይገዛ የነበረውን ነገር ዛሬ ለመግዛት ከ14,000 ዶላር በላይ ያስፈልጋል።

ገደብ ማስፈለጉን እቀበላለሁ። ብዙ አክሲዮን ያለው ሀብታም ያተረፉትን ሳይሸጥ ይዞ፣ የከሰሩትን ብቻ እየመረጠ ቢሸጥ ደመወዙን በሙሉ ከታክስ ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ሕጉ የሚከለክለው ይህን ነው። ነገር ግን ሀብታሙ ሌላ የሚያጣፋበት ትርፍ አያጣም። ገደቡ የሚጠነክረው አንዴ ገብቶ፣ አንዴ ተቃጥሎ፣ ዳግም ላይመለስ የወጣው ሠራተኛ ላይ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተነካ ቁጥር እሱን ብቻ እየቀጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተላለፈው ኪሳራ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ አይቃጠልም። ሰውየው ሲሞት ግን አብሮት ይቀራል። ለልጆቹ አይወረስም። ሚስቱም ብትሆን የእሱን ድርሻ የምትጠቀምበት በሞተበት ዓመት አብረው በሚያስገቡት የመጨረሻ ሪተርን ላይ ብቻ ነው።

ትርፍ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። ከመንግሥት ማርኬትፕሌስ የጤና ኢንሹራንስ የሚገዙ ሾፌሮች አሉ። የሚያገኙት ድጎማ በገቢያቸው ልክ ነው። የ40,000 ዶላር ትርፍ ገቢያቸውን ከፍ ሲያደርገው ድጎማውን መልሱ ይባላሉ። የሚቀጥለው ዓመት ኪሳራ ግን ገቢያቸውን ዝቅ የሚያደርገው በዚያችው በ3,000 ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን ኧርንድ ኢንከም ክሬዲት የሚያገኝ ቤተሰብም ይጠንቀቅ። በ2025 የኢንቨስትመንት ገቢው ከ11,950 ዶላር ካለፈ ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ዎሽ ሴል

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ዎሽ ሴል የሚሉት ሕግ ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። አክሲዮን በኪሳራ ሸጣችሁ፣ ያንኑ አክሲዮን ወይም «በመሠረቱ አንድ ዓይነት» የሆነውን ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከገዛችሁ፣ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርላችሁም። ከፊት 30፣ ከኋላ 30፣ የሽያጩን ቀን ጨምሮ 61 ቀን ነው። ብዙ ሰው የኋላውን 30 ብቻ ነው የሚያስበው።

አይቆጠርም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። 100 ሼር በ50 ዶላር ገዛችሁ፤ 5,000። በ30 ሸጣችሁ፤ 3,000። ኪሳራው 2,000 ነው። ከአሥር ቀን በኋላ 100 ሼር መልሳችሁ በ32 ገዛችሁ፤ 3,200። ያ 2,000 በአዲሱ ግዢ ላይ ይጨመራል። ለታክስ የአዲሱ ሼር የግዢ ዋጋ 5,200 ይሆናል። አዲሱን ስትሸጡና 30 ቀን ከእሱ ስትርቁ ኪሳራው ይወጣል። የፊተኛውን ሼር የያዛችሁበት ጊዜም ለአዲሱ ይታሰባል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንድን አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ የሚውል ሰው 1099-ቢው ላይ «ዎሽ ሴል» በሚለው ሣጥን ውስጥ ግዙፍ ቁጥር ሲያይ ቶሎ አይደንግጥ። ኪሳራው ከአንዱ ግዢ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በየጊዜው ይደመራል። አንዷ 2,000 አሥር ጊዜ ተሻግራ 20,000 ልትመስል ትችላለች። ዲሴምበር ሳያልቅ ሁሉንም ዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ 30 ቀን ካልተመለሰበት፣ ኪሳራው በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ተጠራቅሞ ይወጣለታል።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ያው ግድግዳ ነው። በአንዱ አክሲዮን 30,000 ዶላር አትርፋችኋል። ዲሴምበር 28 ላይ ሌላውን በ30,000 ኪሳራ ሸጣችሁ። ተጣፍቷል ብላችሁ ተኛችሁ። ጃንዋሪ 5 ላይ የሸጣችሁትን መልሳችሁ ገዛችሁ። ያች ግዢ የዲሴምበሩን ኪሳራ ይዛው ወደ አዲሱ ዓመት ትሻገራለች። በአሮጌው ዓመት 30,000 ትርፍ ብቻውን ይቀራል፤ ሙሉ ታክስ ይከፈልበታል። በአዲሱ ዓመት ትርፍ ካጣችሁ ያ 30,000 በሦስት በሦስት ሺህ ይቆረጣል። በአንድ ሳምንት ችኮላ የመጣ ነው።

ሁለተኛው አይአርኤ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ አካውንት ነው። በመደበኛው አካውንት በኪሳራ ሸጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ በአይአርኤ ወይም በሮዝ አይአርኤ ውስጥ ከገዛችሁ፣ ኪሳራው አይቆጠርም፤ በአይአርኤው ግዢ ላይም አይጨመርም። አይአርኤስ ይህን በ2008 በጽሑፍ አረጋግጦታል። እዚህ ላይ ነው ኪሳራ በእውነት የሚጠፋው። የሚስት ወይም የባል ግዢም እንደ ራስ ግዢ ይታያል። በጎን ደግሞ፣ በአይአርኤ ውስጥ የተቃጠለ ኦፕሽን ራሱ ለታክስ ኪሳራ አይደለም። ትርፉ እዚያ ውስጥ እንደማይታየው ኪሳራውም አይታይም።

ሦስተኛው ሁለት ብሮከር ነው። እኔ የተማርኩት በዚህ ነው። በአንዱ አካውንት በኪሳራ ሸጬ በሳምንቱ በሌላው ገዛሁ። ሁለቱም ወረቀቶች ሲመጡ ንጹሕ ነበሩ፤ አንድም ዎሽ ሴል አልተጻፈባቸውም። ብሮከሩ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት በዚያው አካውንት ውስጥ የተገዛውን ያንኑ ሼር ብቻ ስለሆነ ነው። በአካውንቶች መካከል ያለውን ፈልጎ ማስተካከል የታክስ ከፋዩ ኃላፊነት ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ በእጄ እስክሠራው ድረስ የሳትኩትን አላየሁም ነበር።

«በመሠረቱ አንድ ዓይነት» የሚለው ሐረግ በቁጥር የተለካ አይደለም። ኮካ ኮላን ሸጦ ፔፕሲን መግዛት ዎሽ ሴል አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው። አንድን ሼር በኪሳራ ሸጦ የዚያኑ ኩባንያ ኮል ኦፕሽን መግዛት ግን ዎሽ ሴል ነው፤ ሕጉ ኦፕሽንን በስም ጠቅሶታል። አንድን ኮል በኪሳራ ሸጦ የዚያኑ ኩባንያ ሌላ ስትራይክ (በኦፕሽኑ ላይ የተወሰነ የመግዣ ዋጋ) ያለውን ኮል መግዛትስ? ቁርጥ ያለ መልስ የለም። እኔ በጥንቃቄው በኩል እቆማለሁ፤ ተቀራራቢ ስትራይክና ቀን ከሆነ ዎሽ ሴል ነው ብዬ አስባለሁ።

ቢትኮይንና መሰሎቹ በቀጥታ ሲያዙ እስካሁን በዚህ ሕግ ውስጥ አልገቡም። አይአርኤስ በ2014 ንብረት ናቸው ብሏቸዋል፤ ዎሽ ሴል ደግሞ የሚመለከተው አክሲዮንና መሰል ሰነዶችን ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የሚሸጡት የቢትኮይን ኢቲኤፎች (ቢትኮይን የሚይዙ ፈንዶች) ግን በብሮከር አካውንት የሚገዙ ሼሮች ናቸው። እነሱን ከራሱ ከቢትኮይን ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩአቸው።

ኦፕሽን ሲያልቅ፣ ሲሸጥ፣ ሲተገበር

የኦፕሽን ታክስ ከባድ የሚመስለው መጨረሻው ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። የገዛችሁት ኮል ወይም ፑት (የመሸጥ መብት) ዋጋ አጥቶ ቀኑ ካለፈ፣ በዚያ ቀን በዜሮ እንደሸጣችሁት ይቆጠራል። የከፈላችሁት ፕሪሚየም (የኦፕሽኑ ዋጋ) በሙሉ ኪሳራ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው የሳምንት ወይም የወር ስለሆነ የአጭር ጊዜ ኪሳራ ይሆናል።

ኮሉን ተጠቅማችሁ ሼሩን ከወሰዳችሁ ግን ፕሪሚየሙ ኪሳራ አይደለም። የሼሩ ዋጋ አካል ይሆናል። ስትራይኩ 50፣ ፕሪሚየሙ 3 ዶላር ከነበረ 100 ሼር በ5,300 ገዛችሁ ማለት ነው። በብዛት ሲሳሳቱት ያየሁት ይህን ነው፤ 300 ዶላሩን ለብቻው ኪሳራ ብለው ይጽፉታል፤ ሼሩን ሲሸጡም ደግመው ይቀንሱታል።

ኦፕሽን የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይሳታቸዋል። ከቨርድ ኮል (በያዛችሁት ሼር ላይ የሚሸጥ ኮል) ሸጣችሁ 200 ዶላር ስትቀበሉ በዚያ ቀን ታክስ የለም። ኦፕሽኑ ሲያልቅ ወይም መልሳችሁ ስትገዙት ነው ሂሳቡ የሚዘጋው። ሳይተገበር ካለፈ፣ ምንም ያህል ጊዜ ቢቆይ የአጭር ጊዜ ትርፍ ነው። ሼሩ ከተወሰደባችሁ ፕሪሚየሙ በሼሩ መሸጫ ላይ ይጨመራል። የሸጣችሁት ፑት ሆኖ ሼሩ ከተጫነባችሁ ደግሞ ፕሪሚየሙ ከሼሩ መግዣ ላይ ይቀነሳል።

ሰፊ ኢንዴክስን (የገበያ መለኪያን) የሚከተሉ ኦፕሽኖች ለብቻቸው ናቸው። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ ያለው ኤስፒኤክስ ዋነኛው ነው። አንቀጽ 1256 የሚባለው ሕግ ትርፉን 60 በመቶ የረጅም ጊዜ፣ 40 በመቶ የአጭር ጊዜ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ገዝታችሁ ብትሸጡትም። በረጅም ጊዜው ላይ የሚከፈለው 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው እርከን ላይ ያለ ሰው እንኳ ከ37 በመቶ ይልቅ 26.8 በመቶ ነው የሚከፍለው። ዲሴምበር 31 ላይ ያልተዘጋው ሁሉ እንደተዘጋ ይቆጠራል።

ስለ ኪሳራ ስናወራ ግን አንዲት ልዩ ነገር አለች። ያንን ግድግዳ ወደ ኋላ ማለፍ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። የ1256 ኪሳራ በፎርም 6781 ላይ ምርጫው ከተደረገ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የ1256 ትርፍን ያጣፋል፤ የተከፈለውም ታክስ ይመለሳል። የምሳሌያችን ሰው 2021 ላይ ያተረፈውና 2022 ላይ የከሰረው በኤስፒኤክስ ኦፕሽን ቢሆን ኖሮ የ2021 ታክሱን ማስመለስ ይችል ነበር። ኤስፒዋይ በሚባለው ኢቲኤፍ ላይ ያሉ ኦፕሽኖች ግን ያንኑ ኢንዴክስ ቢከተሉም በአብዛኛው እንደ ተራ የአክሲዮን ኦፕሽን ነው የሚታዩት። በስም ይመሳሰላሉ፤ በታክስ ይለያያሉ።

«ኤልኤልሲ ክፈትና ሁሉንም ቀንስ»

ይህን ምክር ሰምታችኋል። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ ለፌደራል ታክስ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ኪሳራችሁን በምንም አይለውጠውም። የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ ትሬደር ተብሎ መቆጠርና በአንቀጽ 475 የሚደረገው ምርጫ። ይህን ምርጫ ያደረገ ሰው ኪሳራው እንደ ንግድ ኪሳራ ይታያል። 3,000 ዶላሩ አይገድበውም። ዎሽ ሴልም አይነካውም። የንግድ ኪሳራም ቢሆን በ2025 ከሌላ ገቢ ላይ የሚቀነሰው ላላገባ እስከ 313,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት እስከ 626,000 ነው፤ ይህ ለአብዛኞቻችን ችግር አይሆንም።

በሩ ግን ጠባብ ነው። መጀመሪያ በእውነት ትሬደር መሆን ያስፈልጋል፤ ሥራው ብዙ፣ ተከታታይና ከቀን ቀን የዋጋ ለውጥ ላይ ያነጣጠረ መሆን አለበት። የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በ2013 በወሰነው አንድ ጉዳይ ሰውየው በዓመት 1,543 ግብይት አድርጎ ነበር፤ ከሼሮቹ ላይ ኮል የሚሸጥ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ቁጥሩ ብዙ መሆኑን ተቀበለ። የነገደው ግን በዓመቱ ውስጥ በ112 ቀናት ብቻ ነበር። ትሬደር አይደለህም ተባለ። ሙሉ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ በዕረፍት ሰዓቱ የሚነግድ ሰው የት እንደሚቆም ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚያ ጊዜው አለ። ለ2026 የሚሠራ ምርጫ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 መደረግ አለበት። ማለትም ዓመቱ አትራፊ ይሁን አክሳሪ ሳይታወቅ። ከስሮ ወደ ኋላ ተመልሶ መምረጥ አይቻልም። በዲሴምበር የከሰረን ሰው «እናስተካክልልሃለን» የሚል ካለ፣ ይህን ቀን ጠቅሳችሁ ጠይቁት።

ትሬደር ያልሆነ ሰው የኮርስ ክፍያን፣ የሲግናል ግሩፕ ወርኃዊ ክፍያን፣ የቻርት ሶፍትዌርን አይቀንስም። ይህ ቅናሽ ከ2018 ጀምሮ ታግዶ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ለዘለቄታው አስቀርቶታል። ለማርጂን (ከብሮከሩ ለተበደራችሁት ገንዘብ) የተከፈለ ወለድ ግን «ስኬጁል ኤ» የሚባለውን ፎርም ለሚሞላ ሰው፣ እስከ ኢንቨስትመንት ገቢው ድረስ ይቀነሳል።

የስቴቱንም ጉዳይ አትርሱ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከፌደራሉ ገቢ ስለሚነሱ ኪሳራው ተከትሎ ይመጣል። ኒው ጀርዚና ፔንሲልቬንያ ግን ኪሳራን ወደ ሚቀጥለው ዓመት አያሻግሩም። ፊላደልፊያ ወይም ኒው ጀርዚ ያላችሁ፣ ኪሳራችሁ በዚያው ዓመት ትርፍ ካላገኘ በስቴቱ በኩል ያልቃል።

ኩባንያው ተዘግቶ ሼሩ ዋጋ ቢስ ሲሆንስ? ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ የባለ አክሲዮኖቹን ሼር ሲሰርዝ ብዙ ሰው አካውንቱ ውስጥ የሚሸጠው ነገር አጣ። ዋጋ ቢስ የሆነ ሼር በዚያ ዓመት የመጨረሻ ቀን በዜሮ እንደተሸጠ ይቆጠራል። 1099-ቢ ላይ ባይወጣም በፎርም 8949 ላይ ይጻፋል። ዓመቱ ያመለጣችሁ ከሆነ፣ ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ ሪተርን ለማስተካከል ያለው ጊዜ ሰባት ዓመት ነው።

የተላለፈ ኪሳራ ላላችሁ

ብዙዎች ያ ኪሳራ በአክሲዮን ትርፍ ብቻ የሚጣፋ ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። ከቢትኮይን ትርፍ ጋር ይጣፋል። አከራይታችሁት የነበረውን ቤት ስትሸጡ ከሚገኘው ትርፍ ጋርም ይጣፋል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዓለም የትም ያገኘውን ገቢ ለአይአርኤስ ያሳውቃልና፣ አዲስ አበባ ያለውን አፓርትመንቱን በትርፍ ቢሸጥም ይሠራል። እዚያ ላይ ሂሳቡ በዶላር መሆኑን አስታውሱ። የገዛችሁበት በዚያን ቀን ምንዛሪ፣ የሸጣችሁበት በሽያጩ ቀን ምንዛሪ ነው የሚታሰበው። ከጁላይ 2024 የብር ለውጥ በፊት የተገዛ ቤት በብር እጥፍ አትርፎ በዶላር ላያተርፍ ይችላል።

ወደ ቨርጂኒያው ሰው እንመለስ። ከ2022 እስከ 2025 አራት ጊዜ 3,000 ቀንሷል። 48,000 ዶላር ቀርቶታል። በ2026 አንድ ነገር ሸጦ 35,000 ቢያተርፍ በዚህ ትርፍ ላይ የፌደራል ታክስ አይከፍልም። ከደመወዙም 3,000 ይቀነስለታል። ለ2027ም ገና 10,000 ይዟል። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ከተላለፈ ብቻ ነው። ታክስ ሠሪ ወይም ሶፍትዌር በተቀየረ ቁጥር የሚረሳው ይህ ነው። ስኬጁል ዲ ላይ መስመር 6 የአጭር ጊዜው፣ መስመር 14 የረጅም ጊዜው የተላለፈ ኪሳራ የሚጻፍባቸው ናቸው። አዲስ ሰው ጋር ስትሄዱ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ሪተርን ይዛችሁ ሂዱና፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አሳዩኝ በሉት። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ አትፈርሙ።